ከገና እስከ ጥምቀት፦ ክብደት የሚጨምረው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው

በየዓመቱ ጥር ሲገባ ልብሴ ይጠበኛል። በየዓመቱም በዶሮ ወጡ አሳብባለሁ። ዶሮ ወጡ ግን የአንድ ቀን እንግዳ ነው። እኔን ያወፈረኝ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው ጊዜ መሆኑ የገባኝ ብዙ ገና ካለፈ በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ማንም ‹‹በዓል ነው›› አይልም፤ ሁሉም ግን እንደ በዓል ይበላል። እኔ ያለፍኩበትን ጉዳይ ሌላ ሰው ባይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ በራሴ ላይ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ኅዳር 15 ነው። የነቢያት ጾም ሲገባ ‹‹ዘንድሮስ እቀንሳለሁ›› እላለሁ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ከዚህ በላይ ዳይት ከየት ይመጣል? ቢሮ ሆኜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እቆይና፣ ጾሜን ስፈታ ያገኘሁትን ሁሉ እጠርገዋለሁ። ዳቦ በሻይ። ፓስታ። የተጠበሰ ድንች። ዘይቱ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ሽሮ። ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ ኦቾሎኒ። ዘይት የጾም ስለሆነ አይቆጠርም የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ዘይትም ሆነ ቅቤ ግን ስብ ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። ስታርችና ፕሮቲን በግራም 4 ናቸው። ሽሮው ላይ ደፋ የማደርገው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ደፋ የማደርገው ደግሞ አንድ ማንኪያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ገና የሚደርሰው እኔ ሳልቀንስ ነው። ሲብስም ጨምሬ። በዚያ ላይ ‹‹ስጾም ነው የከረምኩት›› የሚል ስሜት አለ። ይህ ስሜት ካሳ ይጠይቃል። ‹‹ብዪ፣ ይገባሻል›› ይላል። ጾሙን ለእግዚአብሔር ጾሜ ሒሳቡን ከዶሮ ወጥ ስጠይቅ እገኛለሁ።

የገና ሌሊት ቅዳሴ ላይ እናድራለን። ቤት ስንደርስ ገና አልነጋም። እማዬ ቀድማን ገብታ ወጡን አሙቃለች። ትሪው ላይ እንጀራው ተነጥፏል፤ ቀዩ ወጥ መሀል ላይ፣ እንቁላሉ ዙሪያውን፣ አይቡ ጥግ ላይ። ስድስት ሳምንት ሥጋና ቅቤ ያላየ ሆድ፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰውነት፣ ደግሞም ብርድ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ከፍ እንደሚልበት ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው እጄ ከትሪው አለመነሳቱን ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ አልጋ። ስነሳ ቃር ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፣ ሆዴ ተነፍቷል፣ ራሴ ከብዷል። ቀትር ላይ ደግሞ አማቴ ቤት እንጠበቃለን።

አማቴ ቤት ‹‹ጠግቤያለሁ›› የሚል ቃል አይሠራም። ‹‹በሞቴ ይቺን ብቻ!›› ይላሉ። ‹‹ምነው ልጄ፣ ወጡ አልጣመሽም?›› ካሉ አለቀ። ጉርሻም አለ፤ አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። በማግስቱ ጎረቤት። ከዚያ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች። ባለቤቴ ከቅርጫ ያመጣው መደብ ፍሪጁን ሞልቶታል። የዶሮ ወጡ ድስት ደግሞ ገና ግማሹ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤታችን ውስጥ ከገና በኋላ አብዛኛው ምግብ የሚበላው ርቦን ሳይሆን ‹‹እንዳይበላሽ›› ተብሎ ነው። ቁርስ ላይ የወጡ ፍርፍር፣ እንዳይበላሽ። ምሳ ላይ ጥብስ፣ እንዳይበላሽ። ማታ የተረፈችው ድፎ ዳቦ፣ እንዳትደርቅ። ምግብ መጣል ነውር ነው፤ እኔም አልጥልም። ግን ያለ ረሃብ የተበላ ምግብም የባከነ ምግብ ነው። ልዩነቱ ወገቤ ላይ መቀመጡ ነው።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። የእኔ ሊበጣጠስ ትንሽ ነው የቀረው። ልብስ ሰፊዋ በታኅሣሥ መጀመሪያ የለካችኝ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ጥር 11 ጠዋት ዚፑ ጀርባዬ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ። እህቴ ‹‹ትንፋሽሽን ያዢ›› እያለች ትጎትታለች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ፊቴ ቀላ። በመጨረሻ ዚፑን እንደተከፈተ ትተን በነጠላ ሸፈንነው። ፎቶ ላይ አይታይም። ቀኑን ሙሉ ግን ነጠላዬን ጨብጬ ነው የዋልኩት። ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ አንዲት ዘመዳችን ‹‹ወፈር ብለሻል፣ ተስማምቶሻል!›› አለችኝ። እኛ ዘንድ ይህ ምርቃት ነው። ‹‹አሜን›› አልኩና ገባሁ።

በዚያው ሰሞን የደም ግፊቴን ስለካ ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷን ቶሎ ብዬ ‹‹ገና ስለነበር ነው›› አልኳት። እሷ ስለ ገና አልጠየቀችኝም። ‹‹ትናንት ምን በላሽ?›› ብቻ ነው ያለችኝ። ቆጠርኩላት። ጠዋት ፍርፍር በቅቤ፣ ቀን ጥብስ፣ ከሰዓት ለስላሳ፣ ማታ የተረፈ ቀይ ወጥ። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል! ስናገር ራሴን ሰማሁት። ገናን ገና አክብሬ አልጨረስኩም ነበር ማለት ይቻላል፤ አላበቃልኝም ነበር።

በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። በ2000 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ 195 ሰዎችን እየመዘነ ተከታተለ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሰዎቹ በአማካይ የጨመሩት 370 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ዋናው ነገር ግን ያቺ ትንሽ ጭማሪ በቀጣዮቹ ወራት አለመውረዷ ነው። በየዓመቱ እንዲህ እየተጠራቀመች ስትሄድ አሥር ዓመት ላይ ወደ አራት ኪሎ ልትጠጋ ትችላለች። የእኔ ሠላሳዎቹ ዓመታት ተጠቃለው እዚያ ውስጥ ታዩኝ።

ሚዛንን በተመለከተ ግን እንዳትደነግጡ። በገና ማግስት ሚዛን ላይ ወጥቼ ሁለት ኪሎ ጨምሬ ሳገኝ፣ በንዴት ቀኑን ሙሉ ጦሜን ውዬ ማታ እጥፍ በልቼ አውቃለሁ። ያ ሁለት ኪሎ ባብዛኛው ስብ አይደለም። ወጡ ጨው አለው፤ ጨው ውሃ ይይዛል። እንጀራውና ዳቦው ሰውነት ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ሆኖ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። አንድ ኪሎ ስብ ለማጠራቀም ከሚያስፈልጋችሁ በላይ 7,700 ካሎሪ ገደማ መብላት አለባችሁ፤ በአንድ ቀን ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በማግስቱ አትመዘኑ። ወደ መደበኛ ምግባችሁ ከተመለሳችሁ ውሃው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስቡ ግን ከገና ማግስት ጀምሮ ‹‹እንዳይበላሽ›› እያልን የምንሠራው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ማስተካከል የጀመርኩት ከጾሙ ነው። ጾሜን የምፈታበትን ምግብ ጠዋት አዘጋጅቼ መውጣት ጀመርኩ። ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ አንዳንዴም ክክ። ርቦኝ ስገባ የማገኘው ዳቦ ከሆነ ዳቦ እበላለሁ፤ ምስር ከሆነ ምስር እበላለሁ። እዚህ ላይ ከራሴ ጋር የምታገልበት ነገር የለም። ዘይቱን ከጠርሙሱ መድፋት ትቼ በማንኪያ መለካት ያዝኩ። በመጀመሪያ ሳምንት ሽሮው ደረቀብኝ፤ ከዚያ ለመድኩት። ኦቾሎኒውን ከከረጢቱ ሳይሆን በቡና ስኒ ቆጥሬ። ይህችን ነገር ካደረጋችሁ ገና በዓል ላይ ስትደርሱ የተራበና የተቆጣ ሆድ ይዛችሁ አትደርሱም።

ሁለተኛው ወጡ ራሱ ነው። እማዬን ‹‹ቅቤውን እንቀንስ›› ማለት ጦርነት መክፈት ነው። ግን ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ፣ ጊዜ ከተሰጠው፣ ወጡን የሚያጣፍጠው እሱ ነው። እኔ ስሠራ ቅቤውን በግማሽ ቀነስኩ። ከእማዬ በቀር ማንም አልነቃም። እሷም አንዴ ቀመሰችና ዝም ብላ አየችኝ፣ በቃ። ሌላው ነገር፣ ወጡ ከእሳት ወርዶ ሲያርፍ ቅባቱ ቀይ ሆኖ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ድሮ ያንን እየጨለፍኩ እንጀራዬ ላይ የማፈስ ሰው ነበርኩ። አሁን የተረፈውን ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሲወጣ ቅባቱ ረግቶ እንደ ክዳን ተቀምጧል። ጠርዙን በማንኪያ ነካ ሲያደርጉት ስንጥቅ ይልና በቁራጭ በቁራጩ ይነሳል። ከሥሩ ያለው ቁሌት አይለወጥም። መጀመሪያ ጊዜ ያነሳሁትን ስኒ ውስጥ አስቀምጬ አየሁት፤ ስኒው ሞላ። ያንን ሁሉ ስበላ ኖሬያለሁ!

የጾም ፍቺዋ ጠዋት። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ተልባ ወይም ቀለል ያለ ሾርባ እጠጣለሁ። ተልባውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ የቆዩ ሰዎች ሆድ ያለሰልሳል ብለው የሚያደርጉት ነው፤ እኔ ግን እንደ ኋላ ቀርነት አይቼ ትቼው ነበር። ከዚያ ትንሽ ቁጭ ብዬ ነው ወደ ትሪው የምቀርበው። ጥጋብ እስኪሰማ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ፈጥኖ የሚበላ ሰው ጥጋቡን አልፎት ነው የሚሄደው። ትሪ ላይ ስንበላ ደግሞ ምን ያህል እንደበላን አይታወቅም። ፊት ለፊታችን ያለው ባዶ ሲሆን ይጨመራል፤ ባዶ ካልሆነ አይጨመርም። ይህችን ከያዛችሁ ብዙ ነገር ይፈታል። ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ ፊታችሁ ሁልጊዜ ትንሽ ይኑር፤ ወሬውን እናንተ ያዙት። ወሬ የሚያወራ ሰው ጨምር አይባልም። በልቼም ወዲያው አልተኛም። ዕቃ አነሳለሁ፣ ቡና ይፈላል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ እላለሁ። ቃሩ በዚህ ብቻ ጠፋልኝ።

አማቴን በተመለከተ፣ ‹‹አልፈልግም›› ማለት ከንቱ ድካም መሆኑን ተቀበልኩ። አሁን ምግቡ ሳይቀርብ አስቀድሜ ‹‹እማማ፣ የእርስዎ ወጥ ለማታም ያስፈልገኛል፣ ይቋጥሩልኝ›› እላለሁ። ፊታቸው ይበራል። ቋጠሮው እየተዘጋጀ እኔ የምችለውን በልቼ እነሳለሁ። ቤት ስደርስ ቋጠሮው ፍሪዘር ይገባል፤ ወይም ለዘበኛችን ይሰጣል። ማንም አልተቀየመም። ተንኮል ነው ካላችሁ፣ ይሁን።

መጠጡን በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ለስብ የተጠጋ ነው። ጠጁም ቢራውም ይቆጠራል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። እኔ በበዓል ቀን አንድ ብርሌ ጠጅ መርጬ ለስላሳውን ሙሉ በሙሉ ተውኩት። ለስላሳ ሳላጣጥመው የምጠጣው ነገር መሆኑን ያወቅኩት ስተወው ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በማግስቱ ነው። የገና ማግስት ጠዋት የቤታችን ሥራ ማካፈል ሆኗል። ወጡ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይገባል። ሥጋው ለአንድ ምሳ በሚሆን መጠን በፌስታል ይቋጠራል። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ይሄዳል። ቅርጫውን ደግሞ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ለሁለት መካፈል ጀመርን። ባለቤቴ መጀመሪያ ‹‹በዓሉን አደበዘዝሽው›› ብሎ አኩርፎ ነበር። የካቲት ላይ ከፍሪዘር ዶሮ ወጥ ሲወጣለት ሐሳቡን ቀየረ፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመጨረስም ደረሰ። ጠረጴዛ ላይ የማይታይ ምግብ አይጣራም። ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ነገር ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን እሰጣችኋለሁ።

የቀን መቁጠሪያውም ይረዳል። ገና ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ግን እንደ ወትሮው ጾም ናቸው፤ የጥምቀት ዋዜማም ገሃድ የሚባል ጾም ነው። እኔ ድሮ እነዚህን ቀናት ‹‹ገና ሰሞን ነው›› እያልኩ አልፋቸው ነበር። አሁን ሳምንቱን የምይዝባቸው ችካሎች ናቸው። በእነዚያ ቀናት ጎመንና ምስር ይሠራል፤ ሆድም ያርፋል። የምትጾሙት በእምነታችሁ ከሆነ ትርጉሙ ከዚህ በላይ ነው፤ እኔ የምናገረው ሰውነቴ ስላገኘው ዕረፍት ብቻ ነው።

ስፖርት አልጀመርኩም። ልጀምር እያልኩ ነው፣ እንደ ሁሉም ሰው። የማደርገው ከምሳ በኋላ መራመድ ነው። ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ታክሲውን ቀደም ብለን ወርደን በእግር እንጨርሳለን። ከምግብ በኋላ መራመድ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር ያለዝባል። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ታቦት አጅቦ መሄድ ራሱ ብዙ መንገድ ነው፤ ያ ቀን እኔ ሳላስበው ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ የምራመድበት ነው።

አንድ የማልመክራችሁ ነገር አለ። ከጥምቀት በኋላ ‹‹አጸዳለሁ›› ብሎ በውሃና በሎሚ ብቻ መዋል። ሞክሬዋለሁ። ራስ ምታት፣ ቁጣ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ሙሉ ዳቦ። ማቅጠኛ ተብሎ የሚሸጥ ሻይም እንዲሁ፤ የሚያስወጣው ውሃ ነው፣ የሚያስቸግረው አንጀት ነው። የጨመራችሁት በቀስታ ከሆነ የሚወርደውም በቀስታ ነው። ከጥምቀት ሳምንት በኋላ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑ። ከኅዳር ቁጥራችሁ ብዙ ካልራቀ፣ ወደ ወትሮው ምግባችሁ መመለስ ይበቃል። ከራቀ ደግሞ መጀመሪያ ዘይቱንና ቅቤውን ተመልከቱ፤ እንጀራውን ቀጥሎ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያደርገዋል፤ እንጀራውን ይቀንስና ወጡን በማንኪያ ይበላል።

የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ፣ በተለይ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ከጾሙ በፊትም ከፍስኩ በፊትም ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ የእኔ መላ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላችሁ በኋላ ከቀኝ ጎድን በታች የሚይዝ ኃይለኛ ሕመም ካለ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ‹‹ጨጓራ ነው›› ብላችሁ አትለፉት። ተደብቃችሁ የምትበሉ፣ ማቆም የሚያቅታችሁ፣ ወይም በልታችሁ ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ ከሆነም ይህ የበዓል ጉዳይ አይደለም። የሚታከም ነገር ነውና ለጤና ባለሙያ ንገሩ፤ ጥር እስኪያልፍ አትጠብቁ።